የጎማው ልክ

በአውቶሞቢል ጎማ ጐን ላይ ታትሞ የሚገኝ፤ እግረኛው የማያየው፤ የመኪናው ባለቤትም ብዙ ጊዜ የማያነበው አንድ መስመር ጽሑፍ አለ። ፊደሉ ከጎማው ጋራ አንድ ዐይነት ጥቍር ስለ ሆነ አቧራ ወይም ጭቃ ሲነካው ፈጽሞ ይጠፋል። ዳሩ ግን መኪናው መንገዱን የሚይዝበት ኀይል፤ የፍሬኑ ብርታት፤ የፍጥነት መለኪያው እውነተኛነት፤ ከዚያም አልፎ የተሳፋሪው ሕይወት በዚህ መስመር ይጠበቃል። ያረጀ ጎማ በሌላ መለወጥ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ በየትኛው ልክ እንደሚለወጥ መምረጥ ግን ብዙው ሰው ለጎሚስታው የሚተወው፤ ጎሚስታውም አንዳንድ ጊዜ በመጋዘኑ ለተገኘው ዕቃ የሚተወው ነገር ነው።

ይህ መስመር በ2016 ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር፤ በአሜሪካ በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር አንድ አባትን ከልጃቸው ጋራ ብዙ ቀን አከራከረ። የሚኖሩባት ከተማ ኦሮራ ትባላለች፤ ከደንቨር ጋራ የተያያዘች፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም የሚገኙባት ናት። አባትዮው በደሴ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ወደዚያ አገር ከተሻገሩ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሥራቸው በደንቨር አውሮፕላን ማረፊያ፤ እርሱም ሌሊት ሌሊት ሲሆን፤ የአገራቸው ሰዎች ግን እንደ ቀድሞው መምህር እያሉ ይጠሯቸዋል። ልጁ በስምንት ዓመቱ ከአገሩ የወጣ፤ በዚያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ጐልማሳ ነበር። በባዕድ አገር ስላደገ አባቱን አንተ ይላል፤ መምህሩም ስለዚህ ነገር መቈጣት ከተዉ ቈይተዋል።

ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዙ ቈጥቦ ያገለገለ መኪና ገዛ። ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 የተሠራ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ የሚባለው ነው። መኪናው ሲታይ የቤተ ሰብ መኪና ነው፤ አራት በር አለው፤ አምስት ሰው ይይዛል፤ ለዕቃም በኋላው ሰፊ ስፍራ አለው። ሞተሩ ግን 265 የፈረስ ጕልበት ያወጣል፤ ጕልበቱንም ለአራቱም ጎማ ያከፋፍላል። የበቅሎ ኮርቻ የተጫነ የጉግስ ፈረስ ነው ቢሉት ከእውነት አይርቅም። መኪናው ወደ ቤት በገባ ቀን መምህሩ ዞረው አይተውት «ይህ ሁሉ ጕልበት ለምን ጕዳይ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ልጁም መልስ ሳይሰጥ ወደ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ ስለ መኪናው በመካከላቸው ነገር አልተነሣም።

ነገሩን ያስነሣው የልጁ አዲስ ሥራ ነው። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ በቬይል ከተማ፤ ሰዎች በበረዶ ላይ ሊንሸራተቱ በሚሰበሰቡበት ስፍራ፤ በአንድ ሆቴል ዐርብ ማታ ሄዶ እሑድ ማታ የሚመለስበት ሥራ አገኘ። ቬይል ከኦሮራ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ በአይዘንሃወር ዋሻ፤ ከባሕር ወለል 3,400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል፤ ከዚያም ወርዶ እንደ ገና ወደ ቬይል ማለፊያ 3,250 ሜትር ይወጣል። የደሴ ሰው ከፍታን አይፈራም፤ በረዶ ግን ሌላ ነገር ነው። በአገራችን ክረምት ሲባል ዝናምና ጭቃ፤ ጉምና መብረቅ ይታሰባል፤ በዚያ ክረምት ማለት መንገዱ ራሱ መስተዋት የሚሆንበት ወራት ነው። የልጁ እናት አንድ ማታ ባሏን «ከሥራው አታስቀረውም፤ ጎማውን እንኳ እይለት» አለችው። መምህሩም ይህን ቃል ይዘው ከሥራ ሲመለሱ በንጋት፤ ልጁ ሳይነሣ፤ በእጅ መብራትና በትንሽ ማስመሪያ ከመኪናው አጠገብ ተንበረከኩ።

በሾፌሩ በር መቃን ላይ ፋብሪካው የለጠፈው ወረቀት ይገኛል። በእርሱ ላይ ለዚህ መኪና የሚገባው ልክ 235/45 አር 17 መሆኑ ተጽፏል። የመጀመሪያው ቍጥር የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው የጎማው ጐን ከፍታ ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደ ሆነ ይናገራል፤ እንግዲህ የ235 አርባ አምስት በመቶ 105.75 ሚሊሜትር ይሆናል። መጨረሻው 17 ጎማው የሚለብስበት የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። አንዱ ቍጥር በሚሊሜትር፤ አንዱ በመቶኛ፤ አንዱ በኢንች መሆኑ የሚያስደንቅ ነው፤ ሦስት ቋንቋ በአንድ መስመር ላይ ያለ አስተርጓሚ ተቀምጧል። ማንም ሰው ይህን መስመር አንብቦ የጎማውን ሙሉ ቁመት ሊያገኝ ቢፈልግ 17ን በ25.4 አባዝቶ 431.8 ሚሊሜትር ያገኛል፤ በላዩም የላይኛውንና የታችኛውን ጐን፤ ማለት 211.5 ሚሊሜትር ይደምርበታል። ድምሩ 643.3 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ በኋላ በጎማው ጐን ላይ የሚከተለው 94 አንዱ ጎማ ሊሸከም የሚችለው 670 ኪሎ ግራም መሆኑን፤ ደብልዩ የሚለው ፊደል ደግሞ ጎማው እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚደርስ ፍጥነት መቻሉን ያመለክታል።

አር የሚለው ፊደል የራዲያል ምልክት ነው፤ ታሪኩም አጭር አይደለም። በአየር የተሞላ ጎማ በመጀመሪያ ያሰበው ስኮትላንዳዊው ሮበርት ቶምሰን ሲሆን የፈጠራ መብት ያገኘበት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1845 ነበር፤ ዳሩ ግን ሥራው ተረስቶ ቀረ። ከአርባ ዓመት በላይ ቈይቶ በቤልፋስት የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ የትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በመንገድ ላይ ሲንገጫገጭ አይቶ ይህንኑ ነገር እንደ አዲስ ፈጠረው፤ በ1888ም መብቱን አስመዘገበ። እንዲህ ከሆነ ጎማ ከጥንቱም የአባትና የልጅ ነገር ነበር ማለት ነው። በጎማው ውስጥ ያሉት ክሮች ግን ብዙ ዘመን እርስ በርሳቸው እየተሻገሩ በአግድመት ይሠሩ ነበር። በ1946 የፈረንሳዩ የሚሽለን ኩባንያ ክሮቹን ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው ከንፈር በቀጥታ የሚዘረጋውን አሠራር መብት አስመዘገበ፤ ዛሬ በአውቶሞቢሎች ላይ የሚታየው ጎማ ከሞላ ጐደል ሁሉም ይኸው ነው።

መምህሩ የፊቱን ጎማ አበሱና አነበቡ፤ 235/45 አር 17 ይላል። የኋላውን አበሱ፤ 225/45 አር 17 ይላል። ዐይናቸውን አላመኑምና ዞረው በሌላው ወገን ያለውን አዩ፤ ያው ነው። ቀድሞ መኪናው የነበረው ሰው የኋላዎቹን ሁለቱን ብቻ፤ ያውም በሌላ ልክ ለውጦ ሸጦታል። ደግሞም የፊቶቹ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ 3 ሚሊሜትር ቀርቶታል፤ የኋላዎቹ ግን አዲስ ናቸው ቢባል ይቻላል፤ ጥርሳቸው 8 ሚሊሜትር ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል።

ልጁ ሲነሣ መምህሩ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተው ጠበቁት።

«ልጄ፥ መኪናህ ሁለት ዐይነት ጫማ አድርጓል» አሉት።

ልጁ ወጥቶ አይቶ ተመለሰና «አባዬ፥ ሁሉም ዐሥራ ሰባት ነው እኮ» አለ።

«ዐሥራ ሰባት ቸርኬው ነው፤ ጎማውን ነው የምልህ።»

ሁለት ልክ በአንድ መኪና ላይ መገኘቱ በሌላ አውቶሞቢል ነውር ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም አንዳንድ የስፖርት መኪናዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የኋላ ጎማቸው ከፊቱ ይሰፋል። በዚህ መኪና ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጕልበቱን ለአራቱም ስለሚያከፋፍል በመካከሉ የፊትና የኋላ ዘንጎችን አዙሪት የሚያስታርቅ ዲፈረንሻል አለው። በዚህም ዲፈረንሻል ውስጥ በወፍራም የሲሊኮን ዘይት መካከል የሚዞሩ ስስ ሳሕኖች አሉ። የአንዱ ወገን ጎማዎች በበረዶ ላይ ተንሸራተው በፈጠኑ ጊዜ ዘይቱ ይግላል፤ ሳሕኖቹም እርስ በርሳቸው ይያያዙና ጕልበቱ መንገድ ወደ ያዘው ወገን ይሻገራል። ይህ ሥራ ለጥቂት ጊዜ የሚሆን ነው። ጎማዎቹ ቁመታቸው የተለያየ ከሆነ ግን አጭሩ ከረጅሙ አብልጦ ስለሚዞር መኪናው ቀጥ ባለ ደረቅ መንገድ ላይ ሲሄድ እንኳ መሣሪያው ዕረፍት አያገኝም፤ ሲግል ውሎ ሲግል ያድራል፤ በመጨረሻም ይበላሻል። ስለዚህ ለሱባሩ መኪናዎች የታወቀው ደንብ የአራቱ ጎማዎች ዙሪያ ልዩነት ከሩብ ኢንች፤ ማለት ከ6 ሚሊሜትር ጥቂት ከሚያልፍ ልክ እንዳይበልጥ ነው።

አሁን የሒሳቡ መደነቂያ መጣ። መምህሩ አዲስ 235/45 ጎማ 643.3 ሚሊሜትር ቁመት እንዳለው አግኝተው ነበር፤ የፊቱ ጎማ ግን አዲስ አይደለም፤ አዲስ ሳለ ጥርሱ 8 ሚሊሜትር ነበረ ቢባል 5 ሚሊሜትር ተበልቶበታል። ይህ ከላይም ከታችም ሲቀነስ የሚቀረው 633.3 ነው። የኋላው 225/45 በበኩሉ ሲሰላ 634.3 ይሆናል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው የቁመት ልዩነት አንድ ሚሊሜትር፤ በዙሪያ ቢሰላ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ያረጀው ረጅም ጎማና አዲሱ አጭር ጎማ ሳይተዋወቁ እኩል ሆነዋል። የቀድሞው ባለቤት ይህን አስቦ አድርጎት ከሆነ ብልህ ሰው ነው፤ ሳያስብ አድርጎት ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነው። መምህሩ በወረቀት ብቻ አላመኑም፤ ፋብሪካ ከፋብሪካ በጥቂቱ ይለያያልና መኪናውን በክሪክ አስነሥተው የሚስታቸውን የልብስ ስፌት ሜትር በየጎማው ዙሪያ ጠመጠሙ። ልዩነቱ ከሒሳቡ ብዙ አልራቀም።

ልጁ በዚያው ቀን ለአንድ ጎማ ቤት ደውሎ ነበር። የሰጡትም ምክር የፊቶቹ አልቀዋልና ሁለት አዲስ 235/45 አር 17 ይግባላቸው፤ በበሩ ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው የሚል ነበር። ምክሩ በፊደል ሲታይ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ቢፈጸም ኖሮ መኪናው በፊት 643.3፤ በኋላ 634.3 ሆኖ የዙሪያው ልዩነት 28 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከተፈቀደው ከአራት እጥፍ ይበልጣል። የኋላው ጎማ በየኪሎ ሜትሩ ሰባት ያህል ዙር አብልጦ ይዞራል፤ ከኦሮራ ቬይል እስኪደርስ ከ1,100 ዙር በላይ ማለት ነው። በትክክለኛው ልክ አዲስ ጎማ ገዝቶ መኪናን ማበላሸት እንዲህ ይቻላል።

ልጁ ሒሳቡን ሲሰማ ዝም ብሎ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። የልቡን ያን ጊዜ አወጣ። እርሱ የሚፈልገው የ17ቱን ቸርኬ ትቶ 18 ኢንች ቸርኬ ማግባት ነው፤ ሁለት ሰዎች ያገለገለ ጎማና ቸርኬ በአንድነት ሲሸጡ አግኝቷል። የአንዱ 245/40፤ የሌላው 245/45 ነው፤ ዋጋውም የኋለኛው ይቀንሳል።

«ሁለቱም ሁለት መቶ አርባ አምስት ነው፤ ርካሹን ብወስድስ?» አለ።

መምህሩ እርሳሱን ሰጡትና «አስላው» አሉት። ልጁ አሰላ። 245/40 አር 18 ቁመቱ 653.2 ሆነ፤ ከፋብሪካው ልክ አንድ ተኩል በመቶ ይበልጣል። 245/45 አር 18 ግን 677.7 ሆነ፤ ይህም ከአምስት በመቶ በላይ ነው። ልዩነቱ በመስመሩ ውስጥ አንዲት 0 በ5 መለወጧ ብቻ ነው። ከፍ ባለው ጎማ መለኪያው 100 ሲል መኪናው በእውነቱ ከ105 በላይ ይሄዳል፤ መሪው እስከ ጥግ ሲዞርም ጎማው የጭቃ መከላከያውን ሊነካ ይችላል። ልጁ ርካሹን በገዛ እጁ ሰረዘው።

በ245/40ው ላይ ግን መምህሩ የሚያነሡት ነገር አነሳቸው። አራቱም እኩል ስለሚሆኑ ዲፈረንሻሉ አይጐዳም፤ ለፍጥነት መለኪያውም አንድ ተኩል በመቶ የሚከብድ አይደለም። መልኩ ያማረ መሆኑንም መካድ አይገባም፤ ሰፊ ቸርኬ ላይ ስስ ጎማ ሲለብስ መኪናው ጐንበስ ብሎ ለሩጫ የተዘጋጀ ይመስላል፤ በዚህ ደስ የሚለውን ወጣት መንቀፍ አጉል ሽማግሌነት ነው። የሚጐዳው በክረምቱ ነው። ቸርኬው በሰፋ ቍጥር የጎማው ጐን ያጥራል፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ግጭቱን የሚቀበል ላስቲክ ስለሚቀንስ ብረቱ ይጣመማል። ሰፊ ጎማ ደግሞ በለስላሳ በረዶ ላይ እየተንሳፈፈ ከሥር ያለውን መንገድ አይደርስበትም፤ ጠባቡ ግን በረዶውን ቈርጦ ይወርዳል። መምህሩ ይህን ሲናገሩ በክረምት ወራት ሰፊ ጫማ አድርጎ በጭቃ የሚሄድን ሰው ምሳሌ ሊያመጡ ፈልገው ነበር፤ ልጁ የደሴን ጭቃ እንደማያስታውስ ዐስበው ተዉት።

«ሱባሩ እኮ በአራቱም ይጐትታል፤ ሕጉም ለእኔ ይፈቅዳል» አለ ልጁ።

ይህ አነጋገር በዚያ አገር በብዙ ሰው አፍ ይገኛል፤ ስለዚህ ጥቂት መዘግየት ያስፈልጋል። በኮሎራዶ በ2019 በወጣው ሕግ መሠረት ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው የ70 ቍጥር አውራ ጎዳና ላይ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ የሚያልፍ መኪና ለበረዶ የተዘጋጀ መሆን አለበት። በአራቱም ጎማ የሚጐትት መኪና ሕጉን የሚፈጽመው የጎማው ጥርስ ከአንድ ኢንች ዐሥራ ስድስተኛ ሦስት እጅ፤ ማለት ከ4.8 ሚሊሜትር ያላነሰ እንደ ሆነ ነው። የልጁ የፊት ጎማዎች 3 ሚሊሜትር ስለ ነበሩ ሕጉም አይፈቅድለትም ነበር። ከሕጉ ይልቅ ግን የሚበልጠው የተፈጥሮው ነገር ነው። በአራቱም መጐተት መኪናውን ለማስነሣት ይረዳል፤ ለማስቆም ግን አንዳች አይጨምርም። ፍሬን በመኪና ሁሉ በአራቱም ጎማ ነው፤ በበረዶ ላይ የሚያቆመውም መሬቱን የነካው ላስቲክ ብቻ ነው። እንዲያውም በቀላሉ የሚነሣ መኪና ነጂውን መንገዱ ደኅና ነው ብሎ ያታልለዋል፤ ከዋሻው ወዲያ ወደ ቍልቍለት ሲደርስ ማታለሉ ይገለጣል።

ላስቲኩም ሁሉ አንድ አይደለም። ለሙቀት ወራት የተሠራው ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሲየስ በታች እየደረቀ መያዙን ይቀንሳል፤ የበረዶ ጎማ ላስቲክ በብርድም ለስላሳ ሆኖ እንዲቈይ የተቀመመ ነው፤ በጥርሶቹም ላይ እንደ ምላጭ ቍራጭ የቀጠኑ ብዙ ስንጥቆች አሉት። በጐኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በመካከሉ የበረዶ ኮከብ ምልክት የታተመበት በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈው ነው። ኤም እና ኤስ የሚሉት ፊደሎች ብቻ ያሉበት ግን የጥርሱ ቅርጽ ለጭቃና ለበረዶ መሆኑን ከመናገር በቀር ስለ ፈተና የሚመሰክረው የለም። የልጁ የኋላ ጎማዎች ከእነዚህ ከኋለኞቹ ወገን ነበሩ።

ልጁ ሦስተኛ ሐሳብ አመጣ፤ ይህኛው ከሁሉ የሚፈትን ነበር። የኋላዎቹ 225/45 አዲስ ስለ ሆኑ በስማቸውና በፋብሪካቸው የሚመስሏቸውን ሁለት ብቻ ገዝቶ ከፊት ማግባት ነው። አራቱም እኩል ይሆናሉ፤ ሕጉም ይፈጸማል፤ ዋጋውም በእጁ ካለው ገንዘብ አያልፍም። መምህሩ ይህን በሒሳብ ሊያፈርሱት አልቻሉም። ጠባብ መሆኑን እንዲያውም ወደዱት። ነገር ግን ወርደው ጐኑን እንደ ገና ሲያነቡ 91 የሚል ቍጥር አገኙ። 91 ማለት 615 ኪሎ ግራም ነው፤ በበሩ ላይ ካለው ልክ በየጎማው 55 ኪሎ፤ በአራቱ 220 ኪሎ ይጐድላል። በዚያው ልክ 94 ተሸካሚ የሆነ፤ ኤክስ ኤል የሚባል የተጠናከረ ጎማ ይገኛል፤ የኋላዎቹ ግን እንደዚያ አልነበሩም። እንግዲህ ሁለት መግዛት ቀረና አራት መግዛት ግድ ሆነ፤ አራት ከተገዛ ደግሞ የበረዶ ጎማ መሆን አለበት።

ከዚህ በኋላ መምህሩ፤ እውነቱን ለመናገር፤ በሒሳቡ ተወሰዱ። በ225/45 ተጠናካሪው፤ በ225/50፤ በ215/50 መካከል ሲያወርዱ ሲያወጡ ሁለት ማለዳ አለፈ። 215/50 አር 17 ቁመቱ 646.8 ሆኖ ከፋብሪካው ልክ ግማሽ በመቶ ብቻ ስለሚለይ በጣም ደስ አሰኝቷቸው ነበር፤ ነገር ግን የመኪናው ቸርኬ ስፋቱ 8 ኢንች ሲሆን ያ ጎማ የሚፈቀድለት እስከ ሰባት ተኩል ብቻ ነው፤ ከዚያ በሰፋ ቸርኬ ላይ ከንፈሩ ተለጥጦ ጥሩ አይቀመጥም። 16 ኢንች ቸርኬ ገዝቶ 215/55 ማልበስስ? ቁመቱ 642.9 ነው፤ ከፋብሪካው ልክ በግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይርቅም። ይህንንም ሊመክሩ ሲሉ ቸርኬው የፊት ፍሬኑን ሳይነካ መዞሩ ሳይለካ እንደማይታወቅ ተገነዘቡ፤ አራት ቸርኬም ሌላ ወጪ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ቆሞ ካዳመጠ በኋላ፤

«አባዬ፥ በሩ ላይ የተጻፈው እኮ በበረዶ ጎማም ይሠራል» አለ።

ይሠራል። 235/45 አር 17፤ ሸክሙ 94 ወይም ከዚያ በላይ፤ ምልክቱ ተራራና የበረዶ ኮከብ፤ አራቱም ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ ስም። ከጠባቡ ጎማ የሚገኘው ጥቅም ዐሥር ሚሊሜትር ነው፤ በዚህ ልክ ግን የሚለካ፤ የሚጠረጠር፤ ጎሚስታውን የሚያከራክር ነገር አንድም የለም። መምህሩ ወረቀታቸውን አጠፉት።

የቀረው የገንዘቡ ነገር ነበር። ልጁ የሁለት ጎማ ዋጋ አለው፤ የአራት የለውም። መምህሩ ለጥር ወር ወደ ደሴ ሄደው እናታቸውን ለማየት ለአውሮፕላን ቲኬት ያስቀመጡት ገንዘብ ነበራቸው። ከእርሱ ወስደው በጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ልጁ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ዐወቀና ወደ ኋላ ገፋው።

«አያቴን ምን ልትላት ነው?»

«ፋሲካን አብሬሽ እውላለሁ እላታለሁ።»

«እኔ ሕፃን አይደለሁም፥ አባዬ።»

«ሕፃን ብትሆንማ ከሥራው አስቀርህ ነበር» አሉት።

በመጨረሻ በብድር ተስማሙ፤ ልጁም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ሸጦ የዋጋውን ከፊል እንዲመልስ ሆነ። ለገዢው ልካቸውንና 91 መሆናቸውን አስቀድሞ እንዲነግረው መምህሩ ደጋግመው አስጠነቀቁት።

ወደ ጎማ ቤቱ አብረው ሄዱ። ጎሚስታው አራቱን አዲስ ጎማዎች አምጥቶ ሲደረድራቸው መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው በየተራ ጐንበስ አሉ። በእያንዳንዱ ጎማ ጐን ዲ.ኦ.ቲ ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ ባለው ቍጥር መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች አሉ፤ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፤ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። በሦስቱ ላይ 3123 ይላል፤ በአራተኛው ላይ 2619 ይላል። ያ አንዱ ከአራት ዓመት በላይ በመጋዘን የተኛ ነው። ጥርሱ አልተነካም፤ ላስቲክ ግን ተቀምጦም ያረጃል። ጎሚስታው ልዩነት የለውም ሲል፤ ልጁ ቀደመና በእንግሊዝኛ ያስረዳው ጀመር፤ ስለ ዲፈረንሻሉ፤ ስለ ዙሪያው ልክ፤ ስለ ሩብ ኢንቹ፤ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ የሰማውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር። መምህሩ ወደ ጐን ፈቀቅ ብለው ቆሙ። ጎማው ተለወጠ። የአየሩንም ልክ ልጁ ራሱ ለካ፤ በብርድ ጊዜ ሙቀቱ በየአምስት ተኩል ዲግሪ ሴልሲየስ ዝቅ ባለ ቍጥር የጎማው አየር አንድ ፓውንድ ያህል እንደሚወርድ ተነግሮት ነበርና በሞቀው ቤት ውስጥ የተለካውን በማግሥቱ ጧት በብርዱ ውስጥ እንደ ገና ለካው። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላም የቸርኬዎቹን ብሎኖች ዳግመኛ አጠበቀ።

ክረምቱን ሙሉ በየዐርቡ ሄደ፤ በየእሑዱ ተመለሰ። እናቱ ቬይል መግባቱን በስልክ ሳትሰማ አትተኛም ነበር፤ መምህሩም ሥራ ቦታቸው ሆነው ሚስታቸው እስክትደውልላቸው ይጠብቁ ነበር። ብድሩ በየካቲት ወር አለቀ።

የ18ቱ ኢንች ነገር ግን አልሞተም። መምህሩ በሚያዝያ ወር ደሴ ወርደው ከእናታቸው ቤት ተቀምጠው ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ልጁ ነበር፤ በረዶው ማለቁን፤ አንድ ሰውም 225/45 አር 18 ጎማ ከነቸርኬው በደኅና ዋጋ እንደሚሸጥ ነገራቸውና ስንት እንደሚመጣ ጠየቃቸው። አሮጊቷ ቡና ስታቀርብ መምህሩ በጋዜጣ ጠርዝ ላይ አስልተው 659.7 አገኙ።

«ሁለት ተኩል በመቶ ይበልጣል» አሉት።

«እኔም ያገኘሁት እርሱን ነው» አለ ልጁ።